መንግሥት የሚያስተምራቸው፦ ከፒያሳ የተጻፉ ማስታወሻዎች

መስከረም 7 ቀን 2017፣ ማክሰኞ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ከወጣ ወዲህ ሱቃችን ሰው አያጣም። ልጆቹ ውጤታቸውን በስልክ አይተውታል፤ ወላጅ ግን በወረቀት ካልያዘው ልቡ አያርፍም። ስክሪንሾቱን በቴሌግራም ይልኩልናል፣ እናትማለን፣ ሁለት ሦስት ኮፒ ይጨምራሉ፣ ከበሩ ሳይወጡ ለዘመድ ይደወላል። ፒያሳ ላይ ካለፈው ዓመት ፈረሳ የተረፍነው የፎቶ ኮፒ ቤቶች ጥቂት ስለሆንን የአራት ኪሎውም የሰባ ደረጃውም ልጅ እኛ ጋ ይመጣል።

ዛሬ ከመጡት ሁለቱን ልመዝግብ። አንዱ የሕንፃ መሣሪያ አስመጪ ልጅ ነው፤ ስም ካለው የግል ትምህርት ቤት ወጥቶ ከ600 431 አምጥቷል። ሌላዋ በራችን ላይ ጀበና ቡና የምትሸጠው የእትዬ ልጅ ናት፤ 318። ማለፊያው 300 ስለሆነ ሁለቱም አልፈዋል። በአገር አቀፍ ደረጃ ያለፉት 36,409 ናቸው፤ ከተፈታኙ 5.4 በመቶ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 3.2 በመቶ ነበር። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ናቸው ሲባል የሰማ ሰው፣ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ 318 ማምጣቷ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል።

እትዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ጋሼ፣ እንግዲህ መንግሥት ነው የሚያስተምራት?» አለችኝ።

«አዎ፣ መንግሥት ነው» አልኳት። እልል አለች። እኔ ግን ማታ ቤቴ ከገባሁ በኋላም ጥያቄዋን ሳስብ አመሸሁ። ለማን፣ በምን ሚዛን፣ እስከ መቼ ነው የሚያስተምረው? ይህን ደብተር የጀመርኩት ለዚሁ ነው።

መስከረም 15፣ ረቡዕ

ሱቅ ውስጥ አብራን የምትሠራው ልጅ የወሩ ደመወዟ ቀደም ብሎ እንዲሰጣት ጠየቀች። የማታ ተማሪ ናት፤ አካውንቲንግ። የሴሚስተር ክፍያ ደርሶባታል። ቀን ኮፒ ስታነሣና ስትጠርዝ ትውላለች፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወደ ክፍል ትሮጣለች፤ ከምታገኘው ለኮሌጁ ያልገባው ለታክሲ ይሄዳል። እሷ በተፈተነችበት ዓመት በጥቂት ነጥብ መደበኛው ምደባ አመለጣት። ከዚያ ወዲህ የምትማረው በገዛ ላቧ ነው።

እስቲ ሥርዓቱን በቅደም ተከተል ላስቀምጠው። የመንግሥት በጀት የሚመለከተው፣ የማለፊያውን ነጥብ አምጥቶ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው የቀን ፕሮግራም የተመደበን ተማሪ ነው። ከ300 በታች ሆኖ ቀረብ ያለ ውጤት ያለው ሬሜዲያል ይገባል፤ በ2015 የተጀመረ የማካካሻ ትምህርት ነው፤ አብዛኛው ነጥብ ከማዕከል በሚመጣ ፈተና፣ ቀሪው ከዩኒቨርሲቲው ይያዝና 50 በመቶ ያመጣ ፍሬሽማን ይሆናል። የሬሜዲያሉ መቁረጫ ለሴቶች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለታዳጊ ክልሎች ልጆች ዝቅ ይላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ከወጣ በኋላ መንገዱን ለይቷል፤ በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመርጣል፤ በመንግሥት ወጪ የሚማርም ከኪሱ የሚከፍልም ይቀበላል። የማታ፣ የክረምትና የግል ኮሌጅ ተማሪ ራሱን ችሎ ይከፍላል።

ከላይ እስከ ታች ብንፈትሸው የሚጠየቀው ነጥብ ነው፤ ቀጥሎም ጾታ፣ ክልል፣ የአካል ሁኔታ። ቤተሰቡ ምን ይበላል፣ ማን ያስተዳድረዋል የሚል ጥያቄ የትም ቦታ አይገጥመንም። ለዚህ ነው የአስመጪው ልጅና የቡና ሻጯ ልጅ በአንድ በር፣ በአንድ ውል የሚገቡት፤ ከሦስቱ ባለ ትንሽ ገቢዋ የእኛዋ ልጅ ደግሞ ሙሉውን ትከፍላለች።

ጥቅምት 1፣ ዓርብ

ቶነር ልገዛ አራት ኪሎ ወጣሁ። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ሰልፍ አለ፤ አብዛኞቹ ገና ጥሪ የሚጠብቁ ልጆች ይመስላሉ፤ ስልካቸው ላይ ምደባ እያዩ «የት ደረሰህ?» ይባባላሉ።

እዚህ ሰፈር ሲኬድ የመንግሥትን የትምህርት ወጪ ታሪክ በእግር መሄድ ይቻላል። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 የተከፈተው እዚሁ አቅራቢያ ነው። በ1943 የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ አራት ኪሎ ላይ ሥራ ጀመረ። ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው በ1954 ስድስት ኪሎ ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ያኔ የገባ ተማሪ ለትምህርቱ አይከፍልም ነበር። ሆኖም መንግሥት በነፃ አስተምሬሃለሁ ብሎ ዝም አላለም፤ ከ1957 ጀምሮ ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ የሚያገለግልበት የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተደነገገ። ብዙዎቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ብድሩ በጉልበትና በጊዜ ይከፈል ነበር ማለት ነው።

ደርግም ነፃ ትምህርቱን አልነካውም። ነገሩ የተለወጠው በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ነው፤ መንግሥት እስከ 10ኛ ክፍል ይሸፍናል፣ ከዚያ በላይ ወጪን መጋራት ይመጣል ተባለ። ያን ጊዜ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት ናቸው፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ሆነዋል። ጥቂት ሺህ ተማሪ ሲሆን ግምጃ ቤት የቻለውን፣ በብዙ መቶ ሺህ ሲሆን አይችለውም። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ አከፋፈሉ ላይ ነው።

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

አንድ ጠበቃ ደንበኛችን የነጋሪት ጋዜጣ ጥራዝ ይዞ መጣ፤ ወረቀቱ ወዝቶ ጠርዙ ተበልቷል። ኮፒ ሳነሣለት የምፈልገውን አገኘሁበትና ለራሴም አንድ አስቀረሁ፦ የከፍተኛ ትምህርት የወጪ መጋራት ደንብ። ተማሪው «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው ይኸው ነው።

ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው። ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ ይጋራል። ገንዘቡ አሁን አይጠየቅም፤ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ እስከ 15 ዓመት ባለ ጊዜ ይከፈላል። ቀጣሪው ቆርጦ ለገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ያስገባል። ቀድሞ በጥሬው የሚከፍል 5 በመቶ ይቀነስለታል፣ ተመርቆ በአንድ ጊዜ የሚጨርስ 3 በመቶ። በመምህርነት ሙያ የሠለጠነ በገንዘብ ፈንታ በአገልግሎት ይከፍላል፤ የ1957ቱ ሐሳብ በዚህ በኩል ተመልሶ መጥቷል።

ቅናሹን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀድሞ መክፈል የሚችለው ማን ነው? አስመጪው ለልጁ የአራቱን ዓመት በአንድ ቼክ ከፍሎ ቅናሹን ይወስዳል። እትዬ ለቅናሹ የሚሆን ብር የላትም፤ ልጇ ሙሉውን ትከፍላለች። ደንቡን ያረቀቁት ገንዘቡ ቶሎ እንዲሰበሰብ አስበው ይሆናል፤ ያሰቡት ምንም ይሁን፣ ያ ድርድር የሚጠቅመው ኪሱ የሞላውን ነው።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ጊዮርጊስ። ከቅዳሴ በኋላ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ወደ ሱቅ የሚገቡ ብዙ ናቸው። አንድ ወጣት ኢንጂነር መጣ፤ ክላሰሩ ውስጥ ጊዜያዊ ዲግሪው (ቴምፖው)፣ የሥራ ልምዱ፣ ከአንድ የግል ኮንትራክተር ያመጣው የደመወዝ ደብዳቤ አለ። ውጭ አገር የማስተርስ ዕድል አግኝቷል፤ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይፈለጋል። ዋናው ዲግሪና ትራንስክሪፕቱ ደግሞ የወጪ መጋራቱ ዕዳ ሳይዘጋ አይሰጥም።

«ታዲያ ስትሠራ አልተቆረጠብህም?» አልኩት።

«ተቆርጦብኛል ጋሼ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ። ግን ቀጣሪዬ ያስገባበት ማስረጃ የለም። መሥሪያ ቤቱ ደረሰኝ አምጣ ይለኛል፣ ድርጅቱ ፈርሷል።»

የደመወዝ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አየናቸው። «ወ.መ.» የሚል ዓምድ አለ፤ በየወሩ ተቀንሷል። ከተቀነሰ በኋላ የት እንደሄደ የሚናገር ወረቀት የለም። ሁሉንም ስካን አድርጌ በአንድ ፋይል አሰናዳሁለት፤ ማመልከቻውንም ጻፍንለት። ቀሪውን በአንድ ጊዜ ከፍሎ ለመጨረስ ከወንድሙ እንደሚበደር ነገረኝ።

ዕዳው ለምን በሰነድ እንደተያዘ ይገባኛል፤ ሌላ መያዣ የለም። ግን በዚህ መንገድ በትክክል የሚያዘው ዲግሪው የሚያስፈልገው ሰው ነው። ነግዶ የሚያድር፣ የአባቱ ሱቅ ውስጥ የገባ፣ ትራንስክሪፕት ሳይጠየቅ የሚኖር ሰው ዘንድ ማንም አይደርስም። ያለ ወረቀት ከበር የማያልፈው ተቀጣሪ ነው።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ሱቅ ዝግ። ከወንድሜ ጋር ማኪያቶ ይዘን ተከራከርን። እሱ አውስትራሊያ ብዙ ዓመት ኖሯል።

«ይህ የእናንተ ደንብ ከእኛ የመጣ ነው» አለኝ። ከእውነት የራቀ አይደለም። አውስትራሊያ ከተመረቁ በኋላ ከገቢ የሚከፈለውን ሥርዓት በፈረንጆች 1989 ጀመረች፤ የነደፈው ኢኮኖሚስት ብሩስ ቻፕማን ከአሥር ዓመት በኋላ ስለ ኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ወጪም ጥናት ጽፏል። ነገር ግን እዚያ ዋናው ምሰሶ ወለሉ ነው፦ ገቢህ የተወሰነ ደረጃ እስኪደርስ አንዲት ሳንቲም አትከፍልም። የግብር ሥርዓቱ ደግሞ ሁሉንም ያያል፤ ነጋዴውንም ተቀጣሪውንም።

እኔ ኬንያን አነሣሁበት። እዚያ የብድር ቦርዱ ከፈረንጆች 1995 ጀምሮ የቤተሰብን አቅም እየጠየቀ ያበድራል፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ተማሪውን እንደ ችግሩ በአምስት እርከን የሚመድብ አሠራር አምጥተዋል። ወንድሜ ሳቀ። «አየህ፣ ዘንድሮ ለምን ሰልፍ ወጡ? የደኃው ልጅ የሀብታም እርከን ውስጥ ተገኝቶ ነው።»

ልክ ነው። በእኛም አገር ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚመጣ ከሱቄ አውቀዋለሁ። ለነፃ ሕክምና «ገቢ የላቸውም» የሚል የወረዳ ደብዳቤ ለማውጣት ማመልከቻ ስንጽፍ፣ የመኪና ቁልፍ በእጁ የያዘ ሰው አስጽፎን ያውቃል። ስለዚህ ገቢ ይጠየቅ ሲባል፣ ማን አጣርቶ ያረጋግጥ የሚለው አብሮ ይመጣል። ቢሆንም ማጣራት ይከብዳል ማለት መጠየቅ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ቢያንስ በመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ፣ ቤተሰቡ በሴፍቲኔት የታቀፈ፣ ያለ አሳዳጊ ያደገ ልጅ መዝገቡ አስቀድሞ በመንግሥት እጅ ነው። ከዚያ መጀመር ይቻላል።

ጥር 14፣ ረቡዕ

እትዬ ስልኳን ይዛ ገባች። ልጇ ከተመደበችበት ዩኒቨርሲቲ የወጪ መጋራት ውሉን ፎቶ አንሥታ ልካለች፤ ዛሬ ለሬጅስትራር ትመልሳለች፤ ከመፈረሟ በፊት እናቷ ትወስን ብላለች።

አትመን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። የጉርድ ፎቶ ቦታ፣ ሙሉ ስም፣ የእናት ሙሉ ስም፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት፣ የሚገመተው ወጪ፣ ከዚያ ምርጫ፦ ምግብና መኝታ በዓይነት ወይስ በገንዘብ። ልጆቹ «ካፌ» እና «ኖን ካፌ» ይሉታል። የእናት ስም አለ፤ እናት ምን ሠርታ እንደምታድር የሚጻፍበት መስመር የለም።

የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 22 ብር ሆኖ ብዙ ከቆየ በኋላ ዘንድሮ ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። መሆን የነበረበት ነገር ነው፤ በ22 ብር ሦስቴ የሚያበላ ቤት ፒያሳም የለም፣ የትም የለም። እዚያው ወረቀቱ ጀርባ ላይ አሰላሁ። በዓመት አሥር ወር ቢያዝ ምግቡ በፊት 6,600 ብር ነበር፤ አሁን 30,000 ይሆናል፤ በአራት ዓመት 120,000። ከትምህርቱ ወጪ የምትጋራው 15 በመቶውን ነው፣ ከምግቡ ግን ሙሉውን። ደንቡ እንደተጻፈ ከተሠራበት የዚህች ልጅ ትልቁ ዕዳ የምትበላው ይሆናል ማለት ነው። እቤቱ እየበላ የሚማረው የአዲስ አበባ ልጅ ይህን ክፍል አይፈርምም፤ ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ ምርጫም የሌላት ትፈርማለች።

ለእትዬ ሁሉንም አስረዳኋት፤ ዕዳውን፣ አሥር በመቶውን፣ መምህር ብትሆን በአገልግሎት እንደምትከፍል። ጸጥ ብላ ሰማችኝና «በገንዘብ ብትለው ይሻላታል?» አለች።

«አንዳንዶቹ እንደዚያ ያደርጋሉ፤ አብስለው ይበላሉ፣ የተረፈውን ይይዛሉ።»

«አይሆንም!» አለች ወዲያው። «እኔ አውቃታለሁ ጋሼ፣ ብሩን ለእኔ ነው የምትልከው። ጦሟን ታድራለች። ካፌ በላት፣ ትብላ!»

እንደዚያው ጻፍኩላት። ከሥሩም ጨመርኩ፦ «ከመፈረምሽ በፊት እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሺ። በየዓመቱ አዲስ ውል ትፈርሚያለሽ፤ የሁሉንም ኮፒ ያዢ። ሥራ ስትይዢም የተቆረጠብሽን ደረሰኝ በየወሩ ጠይቂ።» ወዲያው «እሺ ጋሼ» የሚል መልስ መጣ። እትዬ የህትመቱን ሒሳብ ልትከፍል ቦርሳዋን ስትፈታ የሱቃችን የማታ ተማሪ ቀድማ «ተዪው እትዬ፣ ቡና ነው የምታመጪልን» አለቻት።