ሀ ሁ ልናስተምር ሄደን

ከደባርቅ ሰው ጋር ስለ ብርድ መከራከር አይቻልም። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ፣ ከሊማሊሞ ገደል ብዙም ሳትርቅ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል የሚነሣው ነፋስ ጋቢ የለበሰውንም ያልለበሰውንም አንድ ያደርገዋል። እኛ ይህን የምናውቅ መስሎን ነበር። ነገር ግን ብርድን በመኝታ ክፍል ብርድ ልብስ ተከናንቦ ማወቅ ሌላ ነው፤ መስኮቱ በተሰበረ ክፍል ውስጥ ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ጠመኔ ይዞ መቆም ደግሞ ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2017 ዓ.ም. በጋ ጎልማሶችን የሚያስተምሩ በጎ ፈቃደኞች ሲፈለጉ ሰባት ሆነን ስማችንን ሰጠን። አራታችን እዚሁ ደባርቅ ቀረን፤ ሦስቱ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በዳባት ተመደቡ። ስንጀምር ልባችን ሞቆ ነበር። እንዋሻችሁ ካላልን በቀር ትንሽም ኮርተን ነበር፤ ብርሃኑን እኛ የያዝን፣ ጨለማውም እኛን ተቀምጦ የሚጠብቅ መስሎን።

ተማሪ ሆነው ሕዝብን ለማስተማር ከወጡት መካከል እኛ የመጀመሪያዎቹ እንዳልሆንን እናውቃለን። በ1948 ዓ.ም. ዕድሜው ከ18 እስከ 50 የሆነ ማንበብ የማይችል ሁሉ በትርፍ ጊዜው ፊደል እንዲማር በመንግሥት ተነግሮ ነበር። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪውን ሳይመረቅ አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየላከ አሠርቶታል። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪና መምህር በየገጠሩ አሰማራ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ በኋላ 15 በደረሱ ቋንቋዎች፣ አያቶቻችንን ሳይቀር ከጥቁር ሰሌዳ ፊት አስቀመጠ። ከእነዚያ ዘማቾች መካከል ዛሬ የሸበቱ አንዳንድ ሰዎች «ልናስተምር ሄደን ተምረን መጣን» ሲሉ ሰምተናል። ለጨዋነት የሚባል ነገር ይመስለን ነበር።

እኛ የደረስንበት ዘመን ትምህርት ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት ይባላል። ከ15 እስከ 60 ዓመት ለሆነው ሰው የታሰበ፣ ሁለት ዓመት የሚፈጅ፣ ንባብና ስሌትን ከጤና፣ ከእርሻና ከቁጠባ ትምህርት ጋር የሚያጣምር ነው። ሐሳቡ መጥፎ ነው አንልም። ለልጇ የታዘዘውን መድኃኒት በቀን ስንት ጊዜ መስጠት እንዳለባት ከጠርሙሱ ላይ ለምታነብ እናት ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም። የእኛ ጥፋት ሌላ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት 34 ሰዎች ተመዘገቡ። ክፍሉ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለ ነበረ ወንበሩ የልጅ ወንበር ነው፤ የስድሳ ዓመት ሰው ሲቀመጥበት ጉልበቱ ከአገጩ ይደርሳል። እኛ ግን ይህን ልብ ሳንል ማመልከቻ እንጨታችንን አንሥተን «ሀ በሉ!» አልን። «ሀ» አሉ። «ሁ በሉ!» «ሁ»። በተሰበረው መስኮት በኩል የልጅ ልጆቻቸው ተሰብስበው ይስቁ ነበር። ከፊደሉ ቀጥሎ ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ከመጽሐፉ አነበብንላቸው። አንድ ጎልማሳ ገበሬ እስክንጨርስ በትዕግሥት ጠበቁና፣ «ልጄ፣ ዕርፍ ጨብጠህ ታውቃለህ?» ብለው ጠየቁ። ከመካከላችን ያነበበው ልጅ የከተማ ልጅ ነው። «የለም» አለ። እርሳቸውም «እንግዲያው በርታ» ብለው ዝም አሉ። በማግሥቱ አልመጡም።

በሦስተኛው ሳምንት የቀሩን 11 ነበሩ። ያን ጊዜ ምን እንዳልን ብንደብቅ ደስ ባለን፤ ዳሩ ግን «ሕዝቡ የትምህርት ፍቅር የለውም» አልን። የገብስ አጨዳው እንዳላለቀ፣ ሴቶቹ በዚያ ሰዓት እራት ለማድረስ እሳት ላይ እንደሚሆኑ፣ መንገድ ሲዘጋም ከዳር ያለው ሰው መምጣት እንደማይችል አንድም ጊዜ አልጠየቅንም።

ከቀሩት 11 ሰዎች አንዱ ሁላችን አባባ የምንላቸው የ63 ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። በ1948ቱ ቁጥርም ሆነ በዛሬው መመሪያ ዕድሜያቸው ያለፈ ነው፤ ግን ማን ይመልሳቸዋል? በተመዘገቡ ቀን ከአንድ ጽሕፈት ቤት በተሰጠን ቅጽ ላይ «ማንበብና መጻፍ» የሚል አንድ ዐምድ ነበረ። «አባባ፣ መጻፍ ይችላሉ?» አልናቸው። «አልችልም» አሉ። እኛም «አይችልም» ከሚለው ላይ ምልክት አድርገን ወደሚቀጥለው ሰው ዞርን።

አንድ ቀን ማካፈልን እናስተምር ነበር። ምሳሌው ሰባት የቁጠባ ማኅበርተኞች ገንዘብ ሲካፈሉ የሚል ነው። አባባ አዛጉ። ከዚያም «ልጆች፣ የሚመጣው እንቁጣጣሽ በምን ቀን ይውላል?» አሉ። ሁላችንም ወደ ኪሳችን ገብተን ስልካችንን አወጣን። እርሳቸው ግን ዐይናቸውን ጨፍነው የጣታቸውን አንጓ መቁጠር ጀመሩ። ስልኩ ተከፍቶ የቀን መቁጠሪያው እስኪመጣ፣ «ሐሙስ። ዘመኑም ማርቆስ» አሉ። ስልኩም ሐሙስ አለ።

እንዴት እንዳወቁት ሲያስረዱን ከመካከላችን የሒሳብ ተማሪው ጠመኔውን ይዞ ተከተላቸው። 2018 ላይ 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ለአራት ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ አንድ ቢተርፍ ማቴዎስ፣ ሁለት ቢተርፍ ማርቆስ፣ ሦስት ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ ነው። እንደ ገና 7518 ከ1879 ጋር ተደምሮ 9397 ይሆናል፤ ይህ በሰባት ሲካፈል 3 ይተርፋል። አንድ ማክሰኞ፣ ሁለት ረቡዕ፣ ሦስት ሐሙስ። ባሕረ ሐሳብ የሚሉት ይኸው ነው። የሒሳብ ተማሪው በሰሌዳው ላይ ሲያካፍል አንድ ጊዜ ተሳስቶ አባባ ሳያዩ ከጀርባቸው በኩል አርመውታል። (እርሱ ራሱ ይህን እንድንጽፍ ፈቅዷል።)

እኚህ ሰው እንግዲህ በመዝገባችን «አይችልም» የተባሉ ናቸው። ቀስ ብለን ስንጠይቃቸው በልጅነታቸው ከፊደል እስከ ዳዊት ዘልቀው፣ ዜማም ጀምረው ሳለ አባታቸው ስለ ሞቱ ወደ እርሻ እንደ ተመለሱ ነገሩን። ዳዊትን በቃላቸው ይዘውታል። ብዕር ግን ይዘው አያውቁም፤ በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት ለየብቻ ናቸውና፣ መጻፍ የቁም ጸሐፊው ሞያ ነው። ቅጹ ሁለቱን በአንድ ዐምድ ስላሰራቸው፣ እኛም ከቅጹ ሌላ ማሰብ ስላልፈለግን፣ ምናልባት ከእኛ የሚበልጠውን ሰው መሃይም አድርገን ጻፍነው።

«ታዲያ አባባ፣ እዚህ ምን ፈልገው መጡ?» አልናቸው።

«ስሜን ልጽፍ ነው፤ እርሱ በአንድ ወር ያልቃል» አሉ። «ሁለተኛው ግን ልጠይቅ ነው። ስለ ቁጠባ ሬዲዮውም ይነግረኛል። እናንተ ከትልቅ ትምህርት ቤት መጥታችሁ እንዴት ሬዲዮው የሚለውን ብቻ ትነግሩኛላችሁ?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ለጥያቄ ተውነው። ጥያቄውን እነርሱ ይጠይቃሉ፤ የምናውቀውን እንመልሳለን፤ የማናውቀውን ከሰሌዳው ጥግ ጽፈን ወደ ቤተ መጻሕፍት እንወስደዋለን። የመጀመሪያው ጥያቄ የሰሜን ገደል ለምን እንደ ግንብ ተቆርጦ ቆመ የሚል ነበር። የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ያህል ከመሬት ሆድ የወጣ የቀለጠ ድንጋይ ንብርብር ሆኖ እንደ ተከመረ፣ በኋላም ውሃ እየሸረሸረ እንደ ቆረሰው ተናገርን። አባባ ጥቂት አሰቡና፣ «የእኔ ቁጥር 7,500 ነው፤ የእናንተ 30 ሚሊዮን። ከሁለታችን አንዳችን ዜሮ አብዝተናል» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሳቅ በኋላ የተነሣው ክርክር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆየ፤ አንድ ሰው እንኳ ብርዱን አላነሣም። ክርክሩ አላለቀም። እንዲያልቅም የፈለገ ያለ አይመስለንም።

ወሬው ተሰማ መሰለን፣ በወሩ መጨረሻ ተማሪዎቻችን 26 ደረሱ። ከእነርሱ አንዷ ከግጭ የመጡ እናት ናቸው። ግጭ በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የነበረ መንደር ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ ቤተ ሰቦች ከዚያ ተነሥተው ደባርቅ ሰፍረዋል። እትዬ እንላቸዋለን። ገብስ ሲዘሩና በግ ሲጠብቁ ኖረው ዛሬ የከተማ ሰው ሆነዋል። የመጡበትን ምክንያት ሲነግሩን አውራ ጣታቸውን አሳዩን። «ይቺ ጣት ስንት ወረቀት ላይ እንዳረፈች እግዜር ይወቀው፤ ወረቀቱ ምን እንደሚል ግን እርሷም አታውቅ፣ እኔም አላውቅ» አሉ። ይህ እንግዲህ ተግባር ተኮር ነው፤ ከዚህ የበለጠ ተግባር የት ይገኛል?

ነገር ግን የእትዬ የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ወረቀት አልነበረም። «ዋልያ ለምን እኛ አገር ብቻ ተፈጠረች?» የሚል ነበር። የሥነ ሕይወት ተማሪዋ ጓደኛችን ሁለት ቀን አንብባ መለሰች፤ የዋልያ የቅርብ ዘመዶች በኑቢያ በረሓና ከቀይ ባሕር ማዶ ባሉ ተራሮች እንደሚኖሩ፣ የእኛዋ ግን በደጋው ገደል ብቻዋን ቀርታ የተለየች እንደ ሆነች ነገረቻቸው። እትዬም በተራቸው ዋልያ በየትኛው ሰዓት ወደ ሣር እንደምትወጣ፣ ግልገሏን በምን ዓይነት ዋሻ እንደምትደብቅ፣ ጭላዳ ሲጮኽ እንዴት ጆሮዋን እንደምታቆም ተናገሩ። ጓደኛችን ሦስት ገጽ ጻፈች። ዋልያ ቁጥሯ እጅግ በመነመነበት በዚህ ጊዜ እነዚያ ሦስት ገጾች ከአንዳንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይሻላሉ ብንል የሚቀየመን መምህር አይኖርም ብለን እናምናለን።

ዳባት የሄዱት ጓደኞቻችን ከእኛ ይልቅ ብልኆች ነበሩ። ገበሬው በ12 ለሚካኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ29 ለበዓለ ወልድ ዕርፍ እንደማይጨብጥ አይተው ትምህርቱን ወደ በዓላቱ ከሰዓት በኋላ አዛወሩት። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ፣ ሥራም ሳይኖርበት፣ ቆሎውን ይዞ በጽድ ጥላ ሥር ይቀመጣል። የልጅ ወንበር የለ፣ የሚስቅ ልጅ የለ። እኛ አራታችን ይህን ስንሰማ በቅናት ዝም አልን።

ይህን ዓይነት ትምህርት ሌላውም ዓለም ያውቀዋል። በዴንማርክ አገር ግሩንትቪግ የተባለው ካህንና ጸሐፊ ገበሬው ፈተና ሳይፈተን፣ ታሪክና መዝሙር እየተማረ፣ እየተከራከረም የሚያድግበትን ትምህርት ቤት አሰበ፤ የመጀመሪያውም በ1844 እ.ኤ.አ. ሮዲንግ በተባለ ስፍራ ተከፈተ። አገሩ ያን ጊዜ ሀብታም አልነበረም። «መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይጠይቅ» የሚሉ ጓደኞች ስላሉን ነው ይህን ያነሣነው። ከመካከላችን ፍልስፍና የሚማረውን ልጅ «ለቁጠባ ይጠቅምሃልን?» ብሎ የጠየቀው ማን ነው? ታዲያ ይህን ጥያቄ ለአባባ ብቻ የምናቀርበው ስለ ምን ነው?

በመጨረሻ ሪፖርት እንድናቀርብ ተጠየቅን። ቅጹ ያለፉትንና የወደቁትን ብቻ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹን ሁሉ፣ 41 ናቸው፣ ከወረቀቱ ጀርባ ጽፈን ሰጠን። የተቀበለን ሰው ገልበጥ አድርጎ አየና «ጀርባው አይሞላም» አለን። አባባም በዚያው ሰሞን ስማቸውን ጻፉ፤ ወር አልፈጀባቸውም። ፊደላቸው እንደ ብራና ጽሕፈት ቀጥ ያለ ነው። ከጻፉ በኋላ የመጀመሪያውን መዝገብ አምጡ ብለው «አይችልም» ያልነውን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ይኸን የጻፈው ማን ነው? እጁ አያምርም» አሉን።

ትምህርቱ ዘንድሮም ቀጥሏል። ከሰሌዳው ጥግ ተጽፎ እስካሁን መልስ ያላገኘ የእትዬ ጥያቄ አለ፤ እኛ አራታችን የምናውቀው ስላልበቃ በዚህ መጽሔት ለፊዚክስ ተማሪዎች እናስተላልፋለን። «ከግጭ ገደል አፋፍ ሆኜ ስጣራ ድምፄ ሦስት ጊዜ ይመለስልኝ ነበር። እዚህ ደባርቅ ስጣራ ለምን አንድ ጊዜም አይመለስልኝም?» ክፍሉ ማክሰኞና ሐሙስ በ11 ሰዓት ይከፈታል። ጠመኔም አልቆብናልና የምትመጡ ጠመኔ ይዛችሁ ኑ።