«ለቀቀኝ» የተባለ ትኩሳት

መቼም ትኩሳት ሲመጣ እንጂ ሲሄድ «ለምን ሄድክ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም። እኔም አልጠየቅኩም። አለመጠየቄ ደግሞ የአክስቴን ልጅ ሊያሳጣኝ ነበር።

ነገሩ የሆነው ዓለም ከተማ ነው። ልጁ ገና 22 ዓመቱ ነው። ክረምቱን አዲስ አበባ የቀን ሥራ ሲሠራ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከስምንት ሰው ጋር ብርድ ልብስ ተጋፍፎ ሲያድር ከርሞ ለቡሄ መጣ። በሦስተኛው ቀን አንቀጠቀጠው። ራሱን ይፈልጠዋል፣ መገጣጠሚያውን ይቆረጥመዋል። አክስቴ ወዲያው ፈረዱ፦ «የጀማ ወባ ነው!» ከሙከጡሪ በለሚ በኩል ወደኛ የሚመጣ ሰው የጀማን በረሃ ሳያቋርጥ ስለማይገባ፣ ለትኩሳት ሁሉ ተጠያቂው ጀማ ነው። ፈጣኑ የወባ መመርመሪያ ግን «የለበትም» አለ። አንድ ክሊኒክ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ኪኒን ሰጠን። (እስቲ ታይፎይድ አለብህ ተብሎ የማያውቅ እጁን ያውጣ!)

በአምስተኛው ቀን ላብ በላብ ሆነና ትኩሳቱ ለቀቀው። ሽሮ በላ፣ አክስቴ ቡና አፈሉ። ኪኒኑን ሰዓት ጠብቄ የሰጠሁት እኔ ነኝና ኮራሁ።

በሳምንቱ ተመለሰበት። ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ነሰረው፣ ይቃዥ ጀመር። ተሸክመን ሆስፒታል አደረስነው። የላብራቶሪው ሰው ደሙን መስታወት ላይ ቀብቶ፣ ቀለም ነክሮ በማይክሮስኮፕ ሲያየው በደሙ መሃል የተጠማዘዙ ቀጫጭን ክሮች አገኘ። ግርሻ! ቦሬሊያ የሚባል ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቷል። ወባም ቢሆን ኖሮ በዚያው መስታወት ላይ ይታይ ነበር፤ ፈጣኑ መመርመሪያ ግን ከወባ ሌላ አያውቅም። ምርመራው ደግሞ ሰውየው እየተኮሰ ሳለ ነው የሚሻለው። ትኩሳቱ ሲለቅ ባክቴሪያው ከደሙ ስለሚመናመን መስታወቱ ባዶ ሊመስል ይችላል። ሰውነታችን ባክቴሪያውን ለይቶ ሲመታው፣ መልኩን የቀየረው ይተርፍና ተራብቶ ይመለሳል። የሌባ ዘዴ በሉት።

ከዚያ ሐኪሙ ጠየቀው፦ «ወንድሜ፣ ልብስህ ላይ ቅማል አለ?»

ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለካ ያውቅ ኖሯል! ከአልጋው ስር የሸሸገው ሹራብ ስፌቱ ሁሉ ቅጫም ነበር። እናቱ ፊት፣ ያውም ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ማን ቅማል አለብኝ ይላል? በሽታውን የሚያመጣው የልብስ ቅማል ነው። ቅማሉን በጥፍራችን ስንጨፈልቀው በተቧጨረ ቆዳ በኩል ይገባል። ሰው ተጨናንቆ በተኛበት ሁሉ አብሮ ይሄዳል፤ በ1983 ዓ.ም. የደርግ ጦር ሲበተን በየካምፑ ተዛምቷል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ የተሰደዱ ወጣቶችን ይዞ አውሮፓ ድረስ ዘልቋል።

መድኃኒቱ አንድ የፔኒሲሊን መርፌ ነው ሲሉኝ «ታዲያ ሰፈር ወስደን እናስወጋው» አልኩ። ነርሷ ገላመጠችኝ። «እህቴ፣ ከመርፌው በኋላ ያለውን ታያለሽ» አለች።

አየሁ። ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አልጋው እስኪንቀሳቀስ ተንዘፈዘፈ፣ ትኩሳቱ ከቀድሞው ባሰ፣ የደም ግፊቱ ወረደ። ባክቴሪያው ባንዴ ሲያልቅ ሰውነት እንዲህ ይናወጣል አሉን። ግሉኮስ ተሰቅሎለት፣ ግፊቱን በየጊዜው እየለኩለት ነጋ። ያን ሌሊት ቤት ብንሆን ኖሮ መድኃኒቱ ገደለው ብለን ፋርማሲስቱን እንከስ ነበር። ሳይታከሙ ከቀሩ ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 40 ይሞታሉ፤ ሲታከሙ ግን ወደ 2 እና 5 ይወርዳል። ደግሞ ግርሻም ሆነ ሌላ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው ከቃዠ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ሽንቱ ካነሰ ባክቴሪያ ደሙን ወርሮት ሊሆን ይችላልና «ነገ እንይ» አይባልም።

ልብሱን ሁሉ ቀቀልነው። አዲስ አበባ ለቀሩት ስምንቱ ደውል ብለው ሁለት ቀን በሀፍረት እምቢ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለ። አንደኛው ስቆ «እኔንም ይዞኝ ነበር፣ ትናንት ግን ለቀቀኝ» ሲለው ስልኩን ከእጁ ነጠቅኩት።