በገመዱ ላይ የሚንጠባጠበው አሲድ

ቦሌ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ መስታወት የሚያጥብ ልጅ ያየ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚደነግጠው በከፍታው ነው። «ኧረ ይሄ ልጅ እንዳይወድቅ!» ይላል፤ ሞባይሉን አውጥቶም ይቀርጻል። ከፍታው እኔንም ያሳስበኛል። ነገር ግን እንጀራዬ ይኸው ሥራ ስለሆነ ዓይኔ ቶሎ የሚሄደው ወደ እጁ ነው። ምን ይዟል? መስታወቱ ላይ የሚያፈሰውስ ምንድን ነው?

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ነው፤ ከዋሽንግተን ዲሲ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ። ክሪስታል ሲቲ የሚባለው ሰፈራችን ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ጎን ስለሆነ ፎቆቹ ከልክ በላይ አይረዝሙም። ዲሲ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1910 የወጣ ሕግ አለ፤ በንግድ መንገዶች ላይ የሚሠሩ ሕንፃዎች በአብዛኛው ከ130 ጫማ፣ ማለትም ከ40 ሜትር ገደማ እንዳያልፉ ይከለክላል። ቦሌም አውሮፕላን ማረፊያው አጠገቡ ስላለ ፎቅ እንደ ልብ አይቆለልበትም። ስለዚህ ሁለቱን ሳነጻጽር ማንሃተንን ከቦሌ ጋር እያጋጨሁ አይደለም። ከፍታው ይቀራረባል፤ መስታወቱም ያው መስታወት ነው።

ባለፈው አዲስ አበባ በሄድኩ ጊዜ ከቦሌ መድኃኔዓለም ብዙም ሳይርቅ አንድ አዲስ ሕንፃ ሲታጠብ ቆሜ አየሁ። ሁለት ልጆች ከጣሪያ በወረደ ገመድ ላይ ተቀምጠዋል። ጎናቸው ላይ ኦሞ የተበጠበጠበት የተቆረጠ ጀሪካን በሽቦ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ኪሱ ውስጥ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ሸጉጧል፤ ክዳኑ በምስማር ተበስቷል። የሲሚንቶ ፍንጣሪ የደረቀበት ቦታ ሲደርስ ሃይላንዱን ጨመቅ ያደርጋል። ፈሳሹ መስታወቱ ላይ አረፋ ያወጣል፣ ልጁ በጨርቅ ይፈትገዋል፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ ይላል። ጓንቱ የሹራብ ነው፣ ረጥቧል። መነጽር አላደረገም። ነፋሱ ጠብታውን እያነሳ ከሥር ሊስትሮዎች ወደተቀመጡበት ይበትነዋል።

ሲወርድ ጠብቄ አነጋገርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው ወንድሜ?»

«አሲድ ነው፣ ጋሼ።»

«የምን አሲድ?»

«እኔ እንጃ። ፎርማኑ ነው ከመርካቶ የሚያመጣው። ሲጠነክርብን ውሃ እንጨምርበታለን።»

ልጁ ሥራውን ይችላል። እጁ ፈጣን ነው፣ ገመዱ ላይ ያለው መረጋጋት እኛ ዘንድ ብዙ ዘመን የሠሩ ሰዎችን ያስቀናል። የያዘውን ነገር ስም ግን ማንም አልነገረውም። «ውሃ እንጨምርበታለን» ያለው ብቻውን አሳሰበኝ፤ ምክንያቱም የተጠናከረ አሲድ ላይ ውሃ ሲፈስ ሙቀቱ በአንዴ ጨምሮ ፈሳሹ ወደ ፊት ሊረጭ ይችላል። ሁልጊዜ የሚቀድመው ውሃው ነው፤ አሲዱ በውሃው ላይ ቀስ ተብሎ ይጨመራል።

አሲድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል፤ ክፉ ነው፣ ግን ቢያንስ ወዲያው ያስታውቃል፣ ሰውዬው ደንግጦ ይታጠባል። ድንጋይ ለማጽዳትና ዝገት ለማስለቀቅ ከሚሸጡ ምርቶች አንዳንዶቹ ውስጥ ያለው ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ቀጠን ያለው ሲነካ ሕመሙ ሰዓታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። በቆዳ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል፣ የሰውነትን ካልሲየም ይይዛል። የተጠናከረው በትንሽ ቦታ ላይ እንኳ ቢፈስ የልብን ምት እስከማዛባት ይደርሳል። መጀመሪያ የሚደረገው በብዙ ውሃ ማጠብ ነው፣ ቀጥሎ ካልሲየም ግሉኮኔት የሚባል ቅባት ይቀባል፤ ቁስለኛው ሐኪም ጋ ሲደርስም «በዚህ ነው የተቃጠልኩት» ማለት መቻል አለበት። የሃይላንዱ ልጅ ሐኪሙ ቢጠይቀው «አሲድ» ከማለት ሌላ መልስ የለውም።

ሌላም አለ፣ ከሁሉም በላይ የከነከነኝ። ልጆቹ የተንጠለጠሉበት ገመድ ናይለን ይመስለኛል። ናይለን ደግሞ ጠንካራ አሲድ አይችልም። አሲድ የነካው የናይለን ገመድ ውስጥ ውስጡን ይዳከማል፤ አንዳንዴም ከላይ ሲያዩት ምንም የሆነ አይመስልም። ፖሊስተር አሲዱን ከናይለን በተሻለ ይቋቋማል፣ ጠንካራ አልካሊ ግን ይጎዳዋል። ልጁ ሃይላንዱን በጨመቀ ቁጥር ከእጁ የሚንጠባጠበው ከጉልበቱ በታች በተዘረጋው ገመድ ላይ ያርፋል፤ ቀጥሎ የሚወርደው በዚያው ገመድ ነው። በማግስቱም ያው ገመድ ተጠቅልሎ ወደ ሌላ ሕንፃ ይሄዳል። ታች ቆመን ከፍታውን ስንፈራ አደጋው ከሃይላንዱ እየተንጠባጠበ ነው። እኛ ጋ አሲድ ነካው ተብሎ የተጠረጠረ ገመድ ተቆርጦ ይጣላል። ክርክር የለም፤ ከሰው ገመድ ይረክሳል።

በረኪናም አለ። ጥቁር ሻጋታ ለማስለቀቅ በረኪና ይጨመራል፣ ሲሚንቶ ለማስለቀቅ አሲድ። ሁለቱ አንድ ባልዲ ውስጥ ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ገመዱ ላይ ነፋስ ስላለ ይበተን ይሆናል፤ የሚበጠበጠው ግን ብዙ ጊዜ ምድር ቤት ወይም ሽንት ቤት ውስጥ በሩ ተዘግቶ ነው፣ ሳንባ የሚጎዳውም እዚያ ነው።

አሜሪካ ስለምሠራ ብዙ ሰው «በዘመናዊ ኬሚካል ነው የምታጥቡት አይደል?» ይለኛል። የተለመደ የመስታወት ማጠቢያችን አንድ ባልዲ ውሃና ጠብ ጠብ የተደረገ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ነው፤ አዲስ አበባ ላርጎ እንደምንለው ያለ። በእሱ ታሽቶ በጎማ መጥረጊያ ይሳባል፣ በቃ። እስከ አራትና አምስት ፎቅ ድረስ ደግሞ ሳሙናም አያስፈልግም። ከካርቦን ፋይበር በተሠራ ረጅም ዘንግ፣ ማዕድኑ የወጣለት ንጹህ ውሃ ጫፉ ላይ ባለው ብሩሽ ይረጫል። ውሃው ውስጥ ካልሲየም ስለሌለ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ አይተውም። ሰውዬው መሬት ላይ እንደቆመ ሥራው ያልቃል። ውሃውን የሚያጣራው ማሽን አገር ቤት የማይታወቅ ነገር አይደለም፤ የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎቻችን ውሃ የሚያጣሩበት ሪቨርስ ኦስሞሲስ ያው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፣ ማሽኑም ሲያጣራ ውሃ ያባክናል። ቢሆንም ለሰሚትና ለሲኤምሲ ዝቅ ዝቅ ያሉ አፓርትመንቶች ሊሞከር የሚገባው ነው።

እኛ ጋ አሲድ የሚወጣው ሲሚንቶ ወይም ኖራ ድርቅ ብሎ በሌላ መንገድ እምቢ ሲል ብቻ ነው። ያኔም መጀመሪያ ጥግ ላይ ትንሽ ቦታ ይሞከራል። የአሉሚኒየም ፍሬሙን ጠንካራ አሲድም ጠንካራ አልካሊም ይበላዋል፤ የመስታወቱ አንጸባራቂ ሽፋን በውጭ በኩል ከሆነ እሱም ይበላሻል። የቦሌ ፀሐይ ደግሞ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ፈሳሹን ሳያጥቡት ያደርቀዋል፣ የደረቀው ምልክት ከዚያ በኋላ አይለቅም። ለዚህ ነው የጥላውን ጎን እየተከተሉ መሥራት የሚያስፈልገው። ገንዘቡን መስታወት ላይ ያፈሰሰ ባለሕንፃ ለልጁ ባያዝን እንኳ ለመስታወቱ ማዘን ነበረበት።

አርሊንግተን ላይ ከትልቁ ጀሪካን ተቀንሶ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ የገባ ኬሚካል ሁሉ ስሙና የአደጋ ምልክቱ ይለጠፍበታል፤ ነጻ የሚሆነው ቀጂው ራሱ ወዲያው የሚጨርሰው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ኬሚካል 16 ክፍል ያለው የመረጃ ወረቀት አለ፦ ምን እንደሆነ፣ ዓይን ቢነካ ምን እንደሚደረግ፣ ከምን ጋር እንደማይቀላቀል ይናገራል። ገመዱን በተመለከተም የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት፣ ኦሻ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ደንብ ኃላፊነቱን ወደ ሕንፃው ባለቤት አዙሯል። ጣሪያው ላይ ያለው ማሰሪያ ለአንድ ሠራተኛ 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም 2,270 ኪሎ ገደማ እንደሚችል ባለቤቱ በጽሑፍ ያረጋግጣል። ያ ወረቀት ከሌለ አንወጣም። ይህ በአንድ ቀን አልመጣም፤ የደንቡ የመጀመሪያ ረቂቅ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፣ እስኪጸድቅ 26 ዓመት ፈጀ። ዛሬም የማያከብሩት አሉ፣ ዛሬም ሰው ይወድቃል።

አገር ቤትም ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስተምር፣ የአደጋ መከላከያ ዕቃም እንዲያቀርብ ያዛል። ችግሩ «አሠሪው ማን ነው?» ሲባል ነው። ባለሕንፃው ለአስተዳዳሪው ይሰጣል፣ አስተዳዳሪው ለጽዳት ድርጅት፣ ድርጅቱ ለፎርማን፣ ፎርማኑ በቀን ሒሳብ ለመጡ ልጆች። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር በቦሌና በመገናኛ በኩል ያሉ ሕንፃዎች ፊታቸውን እንዲያድሱ ሲታዘዙ ትእዛዙ ለባለቤቱ ደርሷል፣ ባለቤቱም ፈጽሟል። ስለ ቀለም ባለቤቱን ማግኘት ከተቻለ ስለ ገመድና ስለ አሲድም ይቻላል። የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ ጣሪያው ላይ የተፈተነ ማሰሪያ እንዲኖር ቢጠየቅ፣ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ ቢታይ፣ የማሰሪያው ብረት ለሕንፃው ባለቤት ከአንድ ክፍል ወጪ የሚሻገር አይመስለኝም።

አያትን፣ ሰሚትን፣ ገርጂንና ሲኤምሲን ከሞሉት አፓርትመንቶች ጥቂት የማይባሉትን የገዛነው እኛ ውጭ የምንኖር ነን። በየወሩ ለጋራ አገልግሎት የምንልከው ገንዘብ የጽዳት ውሉንም ይከፍላል፤ ስለዚህ ልጁ ኪስ ውስጥ ያለው ሃይላንድ የእኛም ጉዳይ ነው። ክረምቱ ወጥቶ ሕንፃው ከመታጠቡ በፊት የነዋሪዎቹ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ኮሚቴውን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ገመዱ ጣሪያው ላይ የሚታሰረው ከምን ጋር ነው? ሁለተኛ የመጠባበቂያ ገመድ አለ ወይ? የሚጠቀሙበት ኬሚካል ስሙ ምንድን ነው፣ የመጣበት ዕቃ ከነጽሑፉ ይታይልን። ጓንቱ የጎማ ነው ወይስ የሹራብ? ሲታጠብ ከሥር ያለው መንገድ ይከለላል ወይ? መልሱ «አሲድ ነው» ብቻ ከሆነ ክፍያውን አዘግዩና በላርጎና በውሃ እንዲጀምሩ ንገሯቸው።