ሲሄዱ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13

ሐምሌ 2010 ዓ.ም. ነበር። ከቦሌ የተነሳነው ከምሽቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ መድረሻችን ዋሽንግተን፣ ደለስ አየር ማረፊያ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸውን ሊያርሱ የሚሄዱ ናቸው። የገንፎው ዱቄትና ቅቤው ሻንጣ ውስጥ ገብቷል፤ በእጃቸው የቀረው አንድ ፌስታል ዳቦ ቆሎ ነው፤ እሱንም ሱዳን ሳንደርስ ለዙሪያው ሁሉ አዳርሰውታል።

ስምንት ሰዓት ገደማ በርረን ጎማው መሬት ሲነካ አማተቡ።

«ደረስን ልጄ?»

«አይ እማማ፣ ደብሊን ነው፤ አየርላንድ። ነዳጅ ሊቀዳ ነው።»

«እንዴ! ከቤት ሲወጣ አይሞሉትም?»

እውነታቸውን ነው። ተሳፋሪ ጭኖ ማደያ በሚገባ ሚኒባስ ስንቴ ተነጫንጫለሁ! የዚህኛው ጥፋት ግን የሹፌሩ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ ክንፉ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ጉልበት ያጣል። ሙሉ ሰው፣ ሙሉ ሻንጣና የ11,500 ኪሎ ሜትር ነዳጅ በአንድ ላይ ተሸክሞ መነሳት ስለሚከብደው ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይወጣል። ይህንን እንደምንም ብዬ አስረዳኋቸው።

«በቅሎም እንዲሁ ናት» አሉኝ። «ዳገት ላይ ከጫንካት አትነሳልህም።»

ካርታ ላይ ሲታይ ደብሊን ያለ መንገዱ የተገባ ይመስላል። ሉል ላይ ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ክር ብንወጥር ግን ክሩ ሽቅብ ወደ አውሮፓ ወጥቶ፣ ከአየርላንድ በስተደቡብ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አልፎ ነው አትላንቲክን የሚሻገረው። በደብሊን መዞሩ የሚጨምረው ከ300 ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው። ጊዜያችንን የበላው መውረዱ፣ ከወንበራችን ሳንነሳ አንድ ሰዓት ያህል መቆማችንና እንደገና ሽቅብ መውጣቱ ነው። ከዚያም በኋላ እስከ አሜሪካ ድረስ ነፋሱ ከፊት ለፊት ነው።

ደለስ ስንደርስ የእጅ ሰዓቴ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ይላል፤ የግድግዳው ስምንት ከሩብ። የ17 ሰዓት መንገድ መጥተን የአንድ ሰዓት ልዩነት ብቻ? ትንሽ ቆይቶ ነው የገባኝ። በበጋቸው ወራት ሰባት ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በስድስት ስለሚያንስ ስድስቱ ተጣፍቶ አንዷ ትተርፋለች። እህቴ «አስተካክለው» ብትለኝም ለአንዲት ሰዓት ብዬ አልነካሁትም።

ነሐሴ ላይ ስመለስ አልቆምንም። ደለስ ከባሕር ወለል 100 ሜትር እንኳ ከፍ አይልም፤ አውሮፕላኑ ነዳጁን እስከ አንገቱ ሞልቶ ይነሳል። ሲሄዱ ከፊት የሚገፋው ያ የምዕራብ ነፋስ ደግሞ አሁን ከኋላ ሆኖ ያግዛል። ያው ርቀት በ13 ሰዓት ገደማ አለቀ። እማማን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ አራሷን ጥለው የሚመጡበት ጊዜ ገና ነው መሰለኝ፣ አልነበሩም።

ቦሌ ስንወርድ ዝናቡ ይወርዳል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ የእጅ ሰዓቴም አንድ ይላል። አሜሪካ በከረምኩበት ወር በእሱው ምክንያት ሁለት ቀጠሮ ላይ አንድ አንድ ሰዓት ቀድሜ ተገኝቻለሁ። የቀጠሩኝ ሐበሾች ስለነበሩ ሁለቱንም ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት ጠበቅኩ።