ቃል ከክኒን ይቀድማል

በፋርማሲ ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሙያውን ስጀምር መድኃኒት ለእኔ ስሌት ነበር፤ ስንት ሚሊግራም፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ ከምን ጋር አይወሰድም። «ሰው የነገሩትን ይሆናል» የሚል ሰው ሲገጥመኝ የየዋህ ወሬ አድርጌ አልፈው ነበር። ውሎ አድሮ ግን ባንኮኒው ላይ ከክኒኑ ጋር ቃሌንና ፊቴንም እያስረከብኩ መሆኔ ገባኝ። የሰው አካል፣ ትዝታና ግምት ወደተነገረው ያጋድላል። «እኔስ በወሬ አልነዳም» የሚሉ ከሆነ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ቃል የመድኃኒቱ አካል ነው።

ደንበኛ «የየት አገር ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ ይከነክነኝ ነበር። «ሁሉም አንድ ነው፣ ይውሰዱት» ብዬ የሰጠሁት ፓራሲታሞል «ምንም አልሠራልኝም» ተብሎ ይነገርብኛል። ባልደረባዬ ደግሞ ከዚያው ካርቶን አውጥታ፣ «እትዬ፣ ይኼ ጥሩ ማስታገሻ ነው፤ በደንብ ውኃ ይጠጡበትና ትንሽ ጋደም ይበሉ» ብላ ስትሰጥ ምርቃት ይዘንብላታል። ልዩነቱን በባሕርይዋ አመካኘሁ። ኋላ ግን ስለ ፈረንሳዊው የመድኃኒት ባለሙያ ስለ ኤሚል ኩዌ አነበብኩ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ትሯ በምትባል ከተማ መድኃኒት ሲሸጥ፣ እያሞገሰ የሰጠው መድኃኒት ዝም ብሎ ከሰጠው የተሻለ ሲሠራ አስተውሏል።

ነገሩ የስሜት ጉዳይ ብቻም አይደለም። በ1978 ጥርሳቸውን በተነቀሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ፕላሴቦ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ማስታገሻ ካገኙት አንዳንዶቹ እፎይ ሲሉ ታየ። ናሎክሶን የተባለው መድኃኒት ሲሰጣቸው ግን ሕመሙ ተመለሰ። ናሎክሶን ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ማስታገሻ ያግዳል። ስለዚህ ተስፋው ሰውነታቸው ውስጥ እውነተኛ ማስታገሻ እንዲመነጭ አድርጎ ነበር ማለት ነው። መርፌ ካልተወጉ የታከሙ የማይመስላቸውን ሰዎች ከዚያ ወዲህ አልቀለድኩባቸውም።

2. ፊትም ይናገራል።

የሐኪም ጽሑፍ አልነበብ ሲለኝ ግንባሬን እቋጥራለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ማዘዣውን ሳገላብጥ አይተው፣ «ልጄ፣ በሽታው ክፉ ነው እንዴ?» አሉኝ። እኔ የተጨነቅሁት አንድ ቃል መፍታት አቅቶኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ደንበኛ የሚያዳምጠው አፌን ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሒሳብ ይችላል የተባለ ሃንስ የሚሉት ፈረስ ነበር፤ መልሱን መሬቱን በሰኮናው እየመታ ይቆጥራል። ኦስካር ፕፉንግስት በ1907 ሲመረምረው ጠያቂው መልሱን ካላወቀ ፈረሱም እንደማያውቅ ደረሰበት። ቁጥሩ ልክ ሲደርስ ጠያቂው ሳያውቀው ራሱን በትንሹ ያንቀሳቅሳል፤ ሃንስም ያን አይቶ መምታቱን ያቆማል። ፕፉንግስት ምስጢሩን ካወቀ በኋላ እንኳ የራሱን እንቅስቃሴ መግታት አልሆነለትም። ፈረስ ይህን ካየ የጨነቀው ሰው ምን ያህል ያይ ይሆን! አሁን ማዘዣ ሲያስቸግረኝ «የእጅ ጽሑፉ ነው ያታገለኝ» ብዬ አስቀድሜ እናገራለሁ።

3. ሕመምም በጆሮ ይገባል።

ሐቀኛ ባለሙያ ማለት የጎንዮሽ ጉዳቱን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ይመስለኝ ነበር። ለኮሌስትሮል ስታቲን የታዘዘላቸውን አዛውንት፣ «ጡንቻዎን ሊያምዎት ይችላል፣ ይጠንቀቁ» ብዬ ሸኘኋቸው። ብዙም ሳይቆዩ ጭናቸውን እያሻሹ ተመለሱ። ክኒኑንም አቁመዋል። ሕመሙ ከክኒኑ ይምጣ ከቃሌ፣ ዛሬም መለየት አልችልም።

ለንደን ውስጥ ተካሂዶ ውጤቱ በ2020 የወጣ ጥናት ግን እንድጠረጥር አድርጎኛል። የተሳተፉት በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች ናቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ አንዳንዱን ወር ስታቲን፣ አንዳንዱን ወር ፕላሴቦ ወሰዱ፤ በቀሩት ወራት ምንም አልዋጡም። ክኒን ከማይውጡበት ወር ጋር ሲነጻጸር፣ ስታቲን ከጨመረባቸው ሕመም 90 በመቶ የሚሆነውን ፕላሴቦውም ጨምሮባቸዋል። ሰዎቹ አላስመሰሉም፤ በእርግጥ አሟቸዋል። እናቶቻችን «አታሟርት» ሲሉን አጉል እምነት አድርጌ መሳቄን ሳስታውስ አፍራለሁ።

ማስጠንቀቂያውን ግን አልተውኩም፤ አነጋገሬን ነው የለወጥኩት። «አብዛኛው ሰው ያለ ችግር ይወስደዋል። ጠንከር ያለ የጡንቻ ሕመም ከተሰማዎት ወይም ሽንትዎ ከጠቆረ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ» እላለሁ።

4. ጥያቄ መልሱን ይዞ ሊመጣ ይችላል።

«አላዞረዎትም?» ብዬ ስጠይቅ «ትንሽ፣ አዎ» የሚለኝ ብዙ ነው። «መድኃኒቱ እንዴት ሆነልዎት?» ስል ግን ማዞር የሚያነሣው ጥቂት ነው። ስጠይቅ መረጃ የምሰበስብ ቢመስለኝም ግማሹን የምዘራው ራሴ ነበርኩ።

ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ያሳተሙት ሙከራ ይህንኑ ያሳያል። የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። መኪኖቹ «ሲነካኩ» ተብለው የተጠየቁት በሰዓት 32 ማይል ገደማ ገመቱ፤ «ሲጨፈላለቁ» የተባሉት ከ40 በላይ አደረሱት። በሌላ ዙር ሙከራ ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ «ሲጨፈላለቁ» ከተባሉት 32 በመቶው «አዎ» አሉ፤ ለስለስ ባለ ቃል ከተጠየቁት ደግሞ 14 በመቶው። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቤቴም ውስጥ ልጆች ተጣልተው ሲመጡ «መታሽ?» አልልም፤ «ምን ተፈጠረ?» ብዬ ዝም እላለሁ።

5. ማወቅ ብቻውን አያስጥልም።

ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ለባልደረቦቼም አስረድቼ፣ መርካቶ መጋረጃ ልገዛ ሄድኩ። ነጋዴው ዋጋ ጠራ፤ እኔም ግማሹ ላይ አውርጄው ጎበዝ ነኝ ብዬ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ያንኑ ጨርቅ ከእኔ ባነሰ ዋጋ ገዝታው ኖሯል። ሙግቴን የጀመርኩት እሱ ከጠራው ቁጥር ስለነበር ግማሹም ርካሽ መሰለኝ።

አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1974 ስለዚህ ጽፈዋል። 10 ወይም 65 ላይ ብቻ እንዲቆም የተደረገ መንኮራኩር በሰዎች ፊት አሽከርክረው፣ ከተባበሩት መንግሥታት አባል አገሮች የአፍሪካውያኑ ድርሻ ስንት በመቶ እንደሆነ ጠየቁ። 10 የወጣላቸው ሰዎች መካከለኛ ግምት 25 ሲሆን፣ 65 የወጣላቸው ሰዎች ደግሞ 45 ሆነ። ቁጥሩ ከጥያቄው ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። አሁን ከቤት ሳልወጣ የምከፍለውን ትልቁን ዋጋ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። በዕውቀቴ ከመመካት ወረቀቱ ይሻለኛል።

6. «ተሻለኝ» ማለትና መሻል ሁልጊዜ አንድ አይደሉም።

በነገሩ በተመሰጥኩበት ሰሞን «ዋናው እምነት ነው» ማለት አብዝቼ ነበር። አንድ ደንበኛዬ «ደህና ነኝ፣ ምንም አይሰማኝም» ብለው የደም ግፊት ክኒናቸውን እንዳቆሙ ሲነግሩኝ ግን ከአፌ የወጣው ሁሉ ታሰበኝ። ስንለካቸው ግፊታቸው አሻቅቧል። ግፊት ሳይሰማ ነው የሚጎዳው።

በ2011 የወጣ የአስም ጥናት ድንበሩን በግልጽ አሳየኝ። እውነተኛው ፓፍ፣ ማለትም በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት፣ የሳንባን የመተንፈስ አቅም 20 በመቶ ገደማ ሲያሻሽል፣ መድኃኒት የሌለበት ፓፍ 7 በመቶ አካባቢ ላይ ቀረ፤ ይህም ምንም ካለመውሰድ የተለየ አልነበረም። ሕሙማኑ ሲጠየቁ ግን ሁለቱንም ፓፎች «አሻለኝ» አሉ፤ 50 እና 45 በመቶ ያህል መሻሻል እንደተሰማቸው ተናገሩ። ቃል ሕመምን፣ ማቅለሽለሽን፣ ድካምን ሊያቀል ይችላል። የጠበበ የአየር ቧንቧን ግን አይከፍትም፤ የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያንም አይገድልም። የሚለካ ነገር ይለካ።

7. ተስፋ ለመስጠት መዋሸት አያስፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፤ ቃል የሚሠራው እያታለለ ብቻ ከሆነ እኔ ምን ልበል? ቴድ ካፕቸክና ባልደረቦቹ በ2010 ያወጡት ሥራ ሸክሜን አቃለለልኝ። ሆዳቸውን የሚያውካቸው 80 ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ «ይህ መድኃኒት የሌለበት ክኒን ነው፤ ሆኖም በጥናት ሰዎችን ሲረዳ ታይቷል» ተብለው በግልጽ ተነግሯቸው ወሰዱት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከእነሱ 59 በመቶው በቂ እፎይታ አገኘን አሉ፤ ክኒን ካልተሰጣቸው ደግሞ 35 በመቶው። መልካም ቃል በእውነት ላይ ቆሞም ይሠራል።

ስለዚህ ዛሬ የማላውቀውን ተስፋ አልሰጥም፤ የማውቀውን ተስፋም አልደብቅም። እርስዎ ፋርማሲ ባይሠሩም የታመመ መጠየቅዎ አይቀርም። አልጋው አጠገብ ሲደርሱ «ውይ፣ እንዴት ከሳህ! ምነው ጠቆርክ?» የሚለው ከምላስዎ ጫፍ ላይ ይገኛል፤ ፍቅር ስለሆነ የሚያናግርዎ ክፋት የለበትም። ቢሆንም ይዋጡት። ካዩት እውነት ውስጥ የሚያበረታውን ይምረጡና እሱን ይንገሩት፤ ድምፁ ከትናንት ጠንክሮ ከሆነ ድምፁን፣ ምግብ ቀምሶ ከሆነ ምግቡን። ክኒኑን ደግሞ በሰዓቱ እንዲውጥ ያስታውሱት።