የሐምሌ ጭቃ

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባ ተማሪ ደብተሩን አስቀምጦ ለክረምት በጎ ፈቃድ ይሰለፋል። ደም የሚለግስ አለ፤ ችግኝ የሚተክልም ሞልቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 መንግሥት በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን አስታውቆ ነበር። በበጋ ማን ውኃ ያጠጣዋል የሚለው ግን ዛሬም መጠየቅ አለበት።

ልብ የሚነካው የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት ነው። ዝገት የበላው ቆርቆሮ ይነቀላል፣ የበሰበሰው ማገር ይለወጣል። ጎረምሶቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃና ጭድ በእግራቸው ያቦካሉ፤ ጎረቤት ንፍሮና ቡና ያቀርባል፤ የቤቱ ባለቤት እማማ ከደጅ ቆመው «እደጉ፣ ተመንደጉ!» ይላሉ።

ለእረፍት የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ደግሞ ታናናሾቻቸውን ሒሳብና እንግሊዝኛ ያስጠናሉ። አንዳንድ ቦታ ማብቂያው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው፤ ሽልማቱም ደብተርና እስክሪብቶ። መስከረም ለሚያስጨንቀው ወላጅ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው።