«ሴት ተናጋሪ ፈልገን አጣን»

ይህችን አባባል ስንቴ ሰማኋት! በትምህርት ቤት፣ በወረዳ ስብሰባ፣ በክረምት ሥልጠና። ባነሩ ላይ ከረባት ያሰሩ አራት ወንዶች ፎቶ ይደረደራል፤ ከሥሩ ስለ ሴቶች ተሳትፎ መፈክር ይጻፋል። (አላጋነንኩም፣ ያያችሁ ታውቃላችሁ።) ሴት መድረኩ አካባቢ ካለች ወይ ፕሮግራም አስተዋዋቂ ናት፣ ወይ አበባ ታበረክታለች፣ ወይ ረከቦቱ ጋ ናት።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። ሳራ ሳርማ የምትባል ፊንላንዳዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2015 ወንዶች ብቻ የተደረደሩባቸውን የውይይት መድረኮች ፎቶ እየሰበሰበች፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» እያለች ኢንተርኔት ላይ ትለጥፍ ነበር። ፎቶ ከየአገሩ ጎረፈላት። ከእኛ ሰፈር ብቻ አንድ አልበም ይወጣት ነበር።

«አጣን» የሚለው ግን አይዋጥልኝም። በጥቅምት 2011 ከ20 የካቢኔ አባላት ግማሾቹ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ወር ሳህለወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት፣ መዓዛ አሸናፊ ደግሞ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ፖለቲካውን እንደፈለጋችሁ ተከራከሩበት፤ እኔ የማነሳው አንድ ነገር ነው። እነዚያ ሴቶች በዚያ ወር አልተወለዱም። ለአገር ካቢኔ የሚበቃ ሰው ከተገኘ ለአንድ ቅዳሜ ጠዋት ፕሮግራም እንዴት ይጠፋል?

የሚጠፋው በአጠራራችን ነው። የእኛን ትምህርት ቤት የሙያ ቀን ከሚያዘጋጁት አንዱ ስለሆንኩ ከውስጥ አይቼዋለሁ። ፕሮግራሙ አንድ ሳምንት ሲቀረው ስልክ ይወጣል። ማን ይደወልለታል? ባለፈው ዓመት ለመጣው፣ ወይም አብሮን ለተማረው። ሴት ከተደወለላት ሐሙስ ማታ ነው፣ ለቅዳሜ። ልጅ አላት፣ ለቅሶ አለባት፣ ዕቁብ አለባት፤ «ይቅርታ፣ አልችልም» ትላለች። ከዚያ «ጠይቀናት እምቢ አለች» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። በቃ፣ ተዘጋ።

ባለፈው ዓመት ሦስት ሳምንት ቀድመን ደወልን። እምቢ ያሉትን «ምን ቢስተካከል ይመችሽ ነበር?» ብለን ጠየቅን። መልሳቸው ገረመኝ። አንዷ ሰዓቱን አለች፤ ፕሮግራሙ 11 ሰዓት አልቆ በሥራ መውጫ ሰልፍ ላይ ቆማ፣ ከቤቴል ሲኤምሲ ስትደርስ ይመሻል። ባቡሩም ጦር ኃይሎች ላይ ያበቃል፣ እኛ ጋ አይደርስም። ወደ ጠዋት 3 ሰዓት አዞርነው፤ መጣች። ሌላዋ ስለ ራሷ ሥራ እንጂ «ስለ ሴትነት» እንደማታወራ ቃል እንድንገባላት ፈለገች።

ይህን የመጨረሻውን የታሪክ መምህራችንም ብሎኛል። ዓይነ ስውር ነው። ንግግሩን ብትሰሙት ከወንበራችሁ አትነሱም። አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን፣ «ለአካል ጉዳተኞች ቀን በየዓመቱ ይጠሩኛል፤ ለዓድዋ ግን አንድ ቀን ጠርተውኝ አያውቁም» አለኝ። ዓድዋ የሚያስተምረው እሱ ነው እኮ! ሥልጠና ስንሄድም አሠልጣኙ ግድግዳው ላይ የበራውን እያሳየ «እዚህ ላይ እንደምትመለከቱት» ይላል። አጠገቡ የተቀመጠ ሰው በጆሮው ያነብለታል፣ ከፊት የተቀመጡት ዞረው «እሽ!» ይላሉ። አሠልጣኙ ያሳየውን በቃሉ ቢናገረው ምን ይጎድልበታል? የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጥታ የሕግ ባለሙያ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ወስዳለች። ስሟን በየንግግራችን እንጠቅሳለን፣ ሰነዱን በብሬል ወይም በድምፅ ማዘጋጀት ላይ ስንደርስ ግን «በጀት የለም»።

ስለ ደረጃው ልንገራችሁ። በክራንች የምትሄድ ተማሪ ነበረችኝ፣ በትምህርቷ ከክፍሉ ሁለተኛ። በሽልማት ቀን ስሟ ሲጠራ መድረኩ አምስት ደረጃ አለው፣ መደገፊያ የለውም። ሽልማቱን ይዘው ወደ እሷ ወረዱ። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበላት፣ ከአንደኛው የበለጠ። በማግስቱ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ሌላ ጊዜ ስሜ ባይጠራ ይሻለኛል» አለችኝ። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ሲሸለም እሷ ብቻ ታች ቀረች፤ ጭብጨባው ያንን አልሸፈነላትም። ሕግ የለም እንዳትሉኝ፣ በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚያመች መግቢያ እንዲኖራቸው አዝዟል። እኛ ሰፈር አንድ ብረታ ብረት ቤት ሄደን ተዳፋት መወጣጫ ከነመደገፊያው አሠራን። ከባነር ብዙም አልበለጠ።

የምግቡ ነገር ብዙ ያወዛግባል ብዬ ነበር፣ በአንድ ስብሰባ አለቀ። የጾም ምግብ ካቀረብን ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይበላል፤ «የማን ሥጋ ነው?» ጥያቄም ይቀራል። አርብ ከሰዓት ፕሮግራም አንይዝም፣ ጁምዓ አለ። ረመዳን መቼ እንደሚገባ ቀን ከመቁረጣችን በፊት እናያለን። ከዚህ በላይ ፍልስፍና አላስፈለገውም።

ገንዘቡ ላይ ግን ተጣላን። ደንቡ መኪና ይዞ ለሚመጣ እንግዳ የነዳጅ ይከፍላል፣ ደረሰኝ አለዋ! በሚኒባስ ለሚመጣ ግን አይከፍልም፤ የትኛው ረዳት ነው ደረሰኝ የሚቆርጥ? ባለፈው ዓመት ከጋበዝናቸው አንዷ የከተማ አውቶብስ የምታሽከረክር የተማሪያችን እናት ነበረች። ከሁሉም ተናጋሪ ብዙ ጥያቄ የቀረበላት እሷ ናት፤ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ «ወንድ ተሳፋሪ ሲሰድብሽ ምን ትያለሽ?» ብሎ ሲጠይቃት አዳራሹ ጸጥ አለ። «ፌርማታው ላይ በሩን እከፍታለሁ» አለች። ሲያልቅ ኢንጂነሩ የነዳጁን ወሰደ፣ እሷ የምስጋና ወረቀት ይዛ ታክሲ ፍለጋ ወጣች። የዚያን ዕለት ገንዘብ ያዡ ላይ መጮህ አያዋጣም፣ እሱ ደንብ ነው የሚያከብረው። ደንቡ እንዲለወጥ በጽሑፍ ጠየቅን። ከአራት ወር በኋላ «በፊርማ ይከፈል» ተብሎ ጸደቀ፣ ለሁሉም እኩል። የእሷንም ወደ ኋላ ተመልሰን ከፈልን።

«ኮታ ነው፣ አቅም ይቅደም» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ፣ ይህንንም ሲያነብ ይጽፍልኛል። ሰውዬው፣ ባለፈው ዓመት የመጡትን አራት ወንዶች በየትኛው ፈተና ነው የመረጥናቸው? ሁለቱ የርዕሰ መምህሩ ጓደኞች ነበሩ።

የዘንድሮው የሙያ ቀን ሚያዝያ ላይ ነው፣ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት። የድሮ ተማሪዎቼ፣ በተለይ «እኔማ ምን አለኝና» የምትሉት፦ ነርሷ፣ ሰዓሊው፣ ልብስ ስፌት የከፈትሽው፣ በምልክት ቋንቋ የምታስተምረው፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። መወጣጫው አለ፣ ትራንስፖርት በፊርማ ይከፈላል። የታሪክ መምህራችን ስለ ዓድዋ 20 ደቂቃ ተይዞለታል።